የሞተር ብስክሌት ጎማና ፍሬን ምን ያህል ይጥበቅ?

ብሎን ማጥበቅ ክንድ እንጂ ትምህርት አይፈልግም የሚለው አሳብ በብዙ ሰው ልብ ውስጥ ያደረ ነው። በየጋራዡም «በደንብ አጥብቀው» ሲባል ይሰማል እንጂ «ይህን ያህል አጥብቀው» ሲባል የሚሰማው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። ለጓሮ በር ማጠፊያ ወይም ለአልጋ እግር ከሆነ ይህ አነጋገር ብዙ ጉዳት አያመጣም። ነገር ግን፥ አንባቢ ሆይ፥ ነገሩ በሁለት ጎማ ቆሞ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ሞተር ብስክሌት ሲሆን፥ ጎማውንና ፍሬኑን ይዘው የሚያቆዩት ጥቂት ብሎኖችና ዳዶዎች ናቸውና፥ «በደንብ» ማለት ስንት እንደ ሆነ አስቀድሞ ማወቅ ግድ ይሆናል። መኪና አንድ ጎማው ቢላላ ሦስት ይቀሩታል፤ ሞተር ብስክሌት ግን የሚቀረው አንድ ብቻ ነው።

ዳዶ፥ ሮንዴላ፥ ታምቡር እያልን የምንጠራቸው ዕቃዎች ስማቸውን ከጣሊያንኛ ወርሰናል። ስሙ ሲወረስ የማጥበቂያው ልክ አብሮ አለመውረሱ ግን ያስገርማል። ልኩ የተጻፈው በመጽሐፍ ነውና፥ መጽሐፉም ከሞተሩ ጋር ሲገዛ ከኮርቻው ሥር ወይም ከቤት ጥግ ተጥሎ አቧራ ይጠጣል።

ለመሆኑ ይህ ልክ ምንድር ነው? ባለሙያዎች ቶርክ ይሉታል። ትርጕሙም መፍቻውን የምንገፋበት ጕልበት በመፍቻው ርዝመት ሲባዛ የሚገኘው የመጠምዘዝ ኀይል ነው። የሚለካውም በኒውተን ሜትር ነው። ነገሩን በዓይነ ኅሊና ለማየት 60 ኒውተን ሜትር የሚል ቍጥር እንውሰድ። የመፍቻዎ ርዝመት 25 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፥ በጫፉ ላይ ከ24 ኪሎ ጥቂት የሚበልጥ ክብደት ቢያንጠለጥሉ 60 ኒውተን ሜትር ይሆናል፤ ይህም ሩብ ኩንታል ጤፍ ለማለት ምንም ያህል አይቀረውም። አሁን ደግሞ በመፍቻው ጫፍ ቱቦ ሰክተው ርዝመቱን አንድ ሜትር ያድርሱት። ያው ክንድ፥ በያው ግፊት፥ 240 ኒውተን ሜትር ያጠብቃል። ክንድዎ የሚነግርዎ ግን ቀድሞ የነገረዎን ነው። ስለዚህ በልምድ ብዛት እጄ ልኩን ያውቀዋል የሚል ሰው፥ እጁ የሚያውቀው የለመደውን መፍቻ ርዝመት ብቻ መሆኑን ይዘነጋል።

ብሎን ሲጠብቅ ምን እንደሚሆን ማወቅም ይጠቅማል። ብሎን ዕቃውን የሚይዘው እንደ ሚስማር ተሰክቶ በመቀመጡ አይደለም። ሲጠብቅ በዓይን በማይታይ መጠን ይለጠጣል፤ እንደ ተለጠጠ ሽቦም ወደ ቀድሞ ርዝመቱ ለመመለስ ሲታገል ሁለቱን ዕቃዎች አጣብቆ ይይዛል። ያነሰ ከተለጠጠ የሞተሩ መንቀጥቀጥ ቀስ በቀስ ያላላዋል። ከልክ በላይ ከተለጠጠ ደግሞ ወደ ቀድሞ ርዝመቱ መመለስ ያቅተዋል፤ ወይም ይበጠሳል፥ ወይም የተሰካበትን ዕቃ ጥርስ ይልጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ነገር አለ። መፍቻውን ስንገፋ ከምናወጣው ኀይል ግማሽ ያህሉ የብሎኑ ራስ ከሮንዴላው ጋር ሲፋተግ ይጠፋል። ወደ 40 ከመቶ የሚጠጋው ደግሞ በጥርሱ መፋተግ ይባክናል። ብሎኑን በእውነት ለመለጠጥ የሚተርፈው 10 ከመቶ ገደማ ነው። እንግዲህ መጽሐፉ ጥርሱ ደረቅ ሆኖ እንዲጠብቅ አስቦ ልኩን ከጻፈ፥ እርስዎ ግን ለደኅንነት ብለው ግራሶ ቢቀቡት፥ መፋተጉ ቀንሶ ብሎኑ ከታሰበው እጅግ አብልጦ ይለጠጣል። መፍቻው የሚያሳየው ቍጥር ትክክል ነው፤ ብሎኑ ግን ከአቅሙ በላይ ተስቧል። የዛገና ቆሻሻ የያዘ ጥርስ ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ቍጥሩ ሞልቶ ሳለ ዕቃው ገና አልተያዘም። ስለዚህ መጽሐፉ «ዘይት ቀባ»፥ «ሙጫ አድርግ» ወይም «በአዲስ ብሎን ለውጥ» ሲል፥ ይህ የልኩ አንድ ክፍል ነውና ከቍጥሩ ነጥሎ መተው አይገባም።

ከልክ በላይ ማጥበቅ የሚያመጣውን ነገር ለማሳየት በአውሮፓ አቈጣጠር በ2015 የሆነውን ማንሣት ይበቃል። በዚያ ዓመት በመጋቢት ወር የጀርመኑ ቢ.ኤም.ደብልዩ. ፋብሪካ ከ2003 ማብቂያ እስከ 2011 ከሠራቸው ሞተር ብስክሌቶች በአሜሪካ ብቻ ከ43 ሺህ የሚበልጡትን ለጥገና መልሶ ጠራ። ከነዚህም ውስጥ በረጅም መንገድ ተጓዦች ዘንድ ስሙ የገነነው አር 1200 ጂ.ኤስ. ይገኝበታል። የዚህ ሞተር የኋላ ጎማ እንደ ሌሎቹ በግራና በቀኝ ሹካ መካከል የተያዘ ሳይሆን፥ እንደ መኪና ጎማ በአንድ ወገን ብቻ በብሎኖች የታሰረ ነው። ብሎኖቹ የሚገቡበት ክብ መቀመጫ ከአሉሚኒየም የተሠራ ነበር። ለመንገድ ትራንስፖርት ደኅንነት ባለሥልጣን የቀረበው ምክንያት በአጭሩ ይህ ነው፤ ብሎኖቹ ከልክ በላይ ከጠበቁ መቀመጫው ሊሰነጠቅ ይችላል፤ መቀመጫው ከተሰነጠቀም ብሎኖቹ ሊላሉና ጎማው ከቦታው ሊለቅ ይችላል። መፍትሔውም መቀመጫውን በብረት በተሠራ መለወጥ ሆነ።

አንባቢ ሆይ፥ ነገሩን ልብ ብለው ይመልከቱት። ጎማው እንዳይወልቅ በፍርሃት አብዝቶ ያጠበቀው ሰው፥ ጎማው የሚወልቅበትን መንገድ በገዛ እጁ ሊከፍት ይችላል ማለት ነው። ከዚህም ጋር አንድ ሌላ ነገር አለ። በነዚያ አር 1200 ሞተሮች የኋላ ጎማው በ5 ብሎን የታሰረ ሲሆን ልኩ 60 ኒውተን ሜትር ነው። ከዚያ በፊት የነበረው የዚያው ፋብሪካ አር 1150 ግን 4 ብሎን ነበረው፤ ልኩም 105 ኒውተን ሜትር ነበር። አሮጌውን ሞተር ለዓመታት የጠገነ ሠራተኛ አዲሱ ሲመጣለት የለመደውን 105 ቢደግም፥ ከሚገባው 75 ከመቶ አብልጦ አጠበቀ። የፋብሪካው ስም አንድ ነው፤ ሞተሮቹም ለዓይን ይመሳሰላሉ፤ ቍጥሩ ግን ከመቶ ወደ ስድሳ ወርዷል።

እንግዲያው ትክክለኛው ቍጥር የሚፈለገው ከወዴት ነው? መጀመሪያ ከሞተሩ ጋር የሚሰጠውን የባለንብረት መጽሐፍ ይክፈቱ። አንዳንድ ፋብሪካ የጎማውንና የፍሬኑን ልክ በመጨረሻዎቹ ገጾች ያትማል፤ ሌላው ግን «ጋራዥ ውሰዱት» ብሎ ያልፋል። ይህ ካልረዳ የጥገና መጽሐፉን መፈለግ ነው። ይህ ወፍራሙ መጽሐፍ ለሠራተኞች የሚዘጋጀው ሲሆን፥ በያንዳንዱ ምዕራፍ መጀመሪያ ወይም በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ የሁሉም ብሎን ልክ በሰንጠረዥ ይገኝበታል። መጽሐፉን ሲይዙ ግን የሞተሩን ስም ብቻ አይተው አይርኩ። ዓመተ ምሕረቱንና የሻንሲውን ቍጥር ከመጽሐፉ ሽፋን ጋር ያስተያዩ። አንድ ስም ያለው ሞተር በአንዱ ዓመት በታምቡር ፍሬን፥ በሌላው ዓመት በዲስክ ፍሬን ሊሠራ ይችላልና። ፋብሪካውም ቍጥሩን በኋላ ጊዜ አሻሽሎ ሊሆን ስለሚችል፥ ወኪሉን ወይም አስመጪውን «ከዚህ መጽሐፍ በኋላ የወጣ ማስተካከያ አለ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ከጓደኛ አፍ የተሰማ ቍጥር ግን፥ ጓደኛው ምንም ያህል ጨዋ ሰው ቢሆን፥ የርሱ ሞተር ቍጥር ነው።

ቍጥሩ ሲገኝ መለኪያውን ማየት አለ። ብዙ ስሕተት የሚሠራው እዚህ ነው። የአሁኑ መጻሕፍት ኒውተን ሜትር ይጠቀማሉ፤ የቀድሞዎቹ የጃፓን መጻሕፍት ኪሎ ግራም ሜትር፥ የእንግሊዝና የአሜሪካ ደግሞ ፓውንድ ጫማ ይጽፋሉ። 1 ኪሎ ግራም ሜትር 9.8 ኒውተን ሜትር ነው፤ 1 ፓውንድ ጫማ 1.36 ያህል ነው። እንግዲህ 60 የሚለውን ቍጥር በኒውተን ሜትር ፋንታ በፓውንድ ጫማ በተቀረጸ መፍቻ ቢያጠብቁት 81 ኒውተን ሜትር ሆነ ማለት ነው። ከዚህም የባሰ አለ፤ ለትናንሽ ብሎኖች አሜሪካኖች ፓውንድ ኢንች ይጽፋሉ። 1 ጫማ 12 ኢንች ስለ ሆነ፥ ይህን ከፓውንድ ጫማ ያምታታ ሰው 12 እጥፍ ያጠብቃል። እርግጥ 12 እጥፍ ከመድረሱ በፊት ትንሹ ብሎን በእጁ ይቀራል።

መጽሐፍ ፈጽሞ የታጣ እንደ ሆነስ? በብሎን ውፍረት የተዘጋጀ አጠቃላይ ሰንጠረዥ መኖሩ እውነት ነው። በብሎን ራስ ላይ 8.8፥ 10.9 ወይም 12.9 የሚል ጽሑፍ አይተው ይሆናል። የፊተኛው ቍጥር በመቶ ሲባዛ ብሎኑ ከመበጠሱ በፊት በያንዳንዱ ካሬ ሚሊ ሜትር የሚሸከመውን ኀይል በኒውተን ይነግራል። የኋለኛው ደግሞ ብሎኑ ወደ ቀድሞ ርዝመቱ መመለስ የሚያቅተው ከዚህ ኀይል ስንት ዐሥረኛው ላይ ሲደርስ እንደ ሆነ ያመለክታል። 8.8 የሆነ ብሎን እንግዲህ 800 ኒውተን ይሸከማል፤ በ640 ግን ተለጥጦ ይቀራል። በተለመደው የመሐንዲሶች ሰንጠረዥ ይህ ዓይነት ብሎን ውፍረቱ 8 ሚሊ ሜትር ሲሆን 25 ኒውተን ሜትር፥ 10 ሲሆን 49፥ 12 ሲሆን 85 ያህል ይጠብቃል።

ነገር ግን ሆንዳ በጥገና መጻሕፍቱ ልዩ ልክ ላልተጻፈላቸው ብሎኖች የሚሰጠውን ሰንጠረዥ ቢመለከቱ፥ ለ8 ሚሊ ሜትር 22፥ ለ10 ሚሊ ሜትር 34፥ ለ12 ሚሊ ሜትር 54 ኒውተን ሜትር ይላል። በ12 ሚሊ ሜትሩ ላይ ልዩነቱ ከ30 በላይ ሆነ። ሁለቱም ሰንጠረዦች አልተሳሳቱም፤ አንደኛው ብሎኑ የሚችለውን ሲናገር ሌላው ብሎኑ የሚገባበትን ዕቃም ያስባል። በሞተር ብስክሌት ላይ ብረት ብሎን ብዙ ጊዜ የሚገባው በአሉሚኒየም ጥርስ ነው፤ ከሁለቱ ቀድሞ የሚሸነፈውም አሉሚኒየሙ ነው። በእኔ አስተያየት አጠቃላይ ሰንጠረዥ ለጭቃ መከላከያና ለመብራት መያዣ ይሁን። ለጎማና ለፍሬን ግን መጽሐፉ እስኪገኝ መጠበቅ ወይም መጽሐፉ ያለው ባለሙያ ዘንድ መሄድ ይሻላል።

ወደ ፍሬኑ እንለፍ። በዲስክ ፍሬን ዲስኩን ከሁለት ወገን የሚጨብጠው መንጋጋ፥ ካሊፐር የሚባለው፥ ብዙውን ጊዜ በሁለት ብሎን ብቻ ከሹካው ጋር ይያያዛል። ፍሬን ሲያዝ የሞተሩና የተሳፋሪው ግስጋሴ ሁሉ በነዚህ ሁለት ብሎኖች ላይ ያርፋል። በብዙ የሆንዳ ሞተሮች የነዚህ ልክ 30 ኒውተን ሜትር ነው። «ይህን ለሚያህል ሥራ 30 አይበቃም» ብሎ መጨመር የብዙ ሰው ፈተና ነው። ነገር ግን ብሎኖቹ ከፋብሪካ ሲወጡ በጥርሳቸው ላይ ሙጫ የተቀባላቸው ናቸው። መጽሐፉም አንዴ ከተፈቱ በአዲስ ይለወጡ ይላል። የጥንቃቄው ቦታ እንግዲህ ብሎኑን መለወጡ ነው፤ ይህን ትቶ አሮጌውን ጨምሮ ማጥበቅ የሚያተርፈው የተላጠ ጥርስ ነው።

የፍሬን ዘይት የሚያመላልሰው ቱቦ ከካሊፐሩ ጋር የሚገናኝበት ብሎን ደግሞ ውስጡ ክፍት ነው፤ ዘይቱ በመካከሉ ያልፋልና። ስለዚህ መልኩ ወፍራም ቢሆንም አቅሙ ቀጭን ነው። በብዙ የሆንዳ መጻሕፍት ልኩ 34 ኒውተን ሜትር ነው። ከላይና ከታች የሚገቡት ለስላሳ ሮንዴላዎች ተጨፍልቀው ዘይቱን የሚዘጉ ስለ ሆኑ በየጊዜው በአዲስ መለወጥ አለባቸው። አሮጌውን ሮንዴላ መልሶ ያገባ ሰው ዘይት ሲንጠባጠብ ያያል፤ እንዳይንጠባጠብ ጨምሮ ያጠብቃል፤ ከዚያም ብሎኑ ይቆረጣል። አየር የምናስወጣባት ትንሽ ብሎንማ 6 ኒውተን ሜትር ገደማ ይበቃታል፤ ይህም በአጭር መፍቻ በሁለት ጣት የሚገኝ ኀይል ነው።

በአገራችን መንገድ በብዛት የሚታዩት ከህንድ የመጡ ትናንሽ ሞተሮች ናቸው፤ ከነርሱም ብዙዎቹ የኋላ ፍሬናቸው በታምቡር ነው። እዚህ ላይ ከሁሉ የሚረሳው አንድ ዘንግ አለ። የፍሬን ሸራዎቹን የተሸከመው ክዳን ከጎማው ጋር አብሮ እንዳይዞር ከሹካው ጋር የሚያስረው ብረት ነው። ጎማ ለማስጠገን ይፈታል፤ ሲገጠምም ጎሚስታው በችኮላ ዳዶውን በጣቱ ብቻ አስይዞት ሊሄድ ይችላል። ይህ ብረት ከለቀቀ ፍሬን በተያዘ ጊዜ ክዳኑ ከጎማው ጋር ይዞራል፥ ሽቦውንም ይጠመጥማል፥ ጎማውም በድንገት ሊቆም ይችላል። እንግዲህ ጎማ ከተፈታ በኋላ ከጎማው ዘንግ ዳዶ ቀጥሎ ዓይን የሚያርፍበት ይህ ነው።

የጎማው ዘንግ ዳዶ በብዙ ሞተሮች ላይ በስንጥቆቹ ውስጥ ሁለት እግር ያለው መቆለፊያ ሽቦ ያልፍበታል። ዳዶው ልኩን ይዞ ሳለ የሽቦው ቀዳዳ ሳይገጥም የሚቀርበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ ዳዶውን ወደ ኋላ መልሶ ማላላት ክልክል ነው፤ ቀዳዳው እስኪገጥም ወደ ፊት ጥቂት መግፋት ነው እንጂ። መጽሐፉ ልኩን አንድ ቍጥር ሳይሆን ከዚህ እስከዚህ ብሎ ከጻፈ፥ ይህን ሥራ የሚያቃልል ነውና ከታችኛው ቍጥር ይጀምሩ። ሽቦውም ሁልጊዜ አዲስ ይሁን።

ልኩን የሚያሳየው መሣሪያ ቶርክ መፍቻ ይባላል። አሜሪካዊው ኮንራድ ባር በኒውዮርክ ከተማ የውሃ መሥሪያ ቤት ሲሠራ፥ የቧንቧ መጋጠሚያ ብሎኖች አንዱ ጠብቆ አንዱ ላልቶ እያስቸገሩት በ1918 እንዳሰበው ይነገራል። ልኩ ሲደርስ ድምፅ የሚሰጠውን መፍቻ ደግሞ ከጆርጅ ፌፈርል ጋር ሆኖ በ1935 ለባለቤትነት መብት አቅርቧል። ዛሬ በብዛት የሚሸጠው ቍጥሩ በእጀታው ላይ ተዘውሮ የሚስተካከለውና ልኩ ሲደርስ «ቀጭ» የሚለው ነው። አንዴ ቀጭ ካለ ይቁም፤ ለማረጋገጥ ብሎ ሁለተኛና ሦስተኛ ማስጮህ በያንዳንዱ ጊዜ ጥቂት ይጨምራል። ብሎን ለመፍታት አይጠቀሙበት። ሥራው ሲያልቅ ቍጥሩን ወደ ዝቅተኛው መልሰው ያስቀምጡት፤ ውስጡ ያለው ሞላ ተጨምቆ ካደረ ልኩን ይስታል። ደግሞም እስከ 200 ኒውተን ሜትር በሚደርስ ትልቅ መፍቻ የ6 ኒውተን ሜትሯን ብሎን ለማጥበቅ መሞከር፥ በእህል ሚዛን ወርቅ እንደ መመዘን ነው። ለፍሬኑ ትንሹን፥ ለጎማው ዘንግ ትልቁን መያዝ ያስፈልጋል። ሁለቱን ለመግዛት ኪስ የማይፈቅድ እንደ ሆነ፥ ከጎረቤት ጋራዥ ለአንድ ሰዓት መዋስም ይቻላል።

ብሎኖቹ ብዙ ሲሆኑ አንዱን ጨርሶ አጥብቆ ወደ ሌላው መሄድ ዕቃውን ያጣምመዋል። ሁሉንም በእጅ ማስያዝ፥ ከዚያም በግማሽ ልክ፥ ቀጥሎ በሙሉ ልክ፥ ፊት ለፊት ያሉትን እያፈራረቁ ማጥበቅ ነው። ካሊፐሩ ወርዶ ከነበረ ሞተሩ ከመንቀሳቀሱ በፊት የፍሬኑን እጀታ እስኪጠነክር ደጋግመው ይጫኑት፤ ይህን የዘነጋ ሰው የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ሲደርስ እጀታው ባዶ ይሆንበታል።

በቀጭን ብሩሽ ከዳዶው ላይ ተነሥቶ እስከ አጠገቡ ያለው ብረት ድረስ አንድ ነጭ ቀለም መሥመር ያሥምሩ። በየማለዳው መፍቻ ሳይነካ መሥመሩን ማየት ይበቃል፤ የጠበቀን ብሎን ደጋግሞ በመፍቻ መሞከር ሙጫውን ከመስበር በቀር ብዙ አይነግርምና። መሥመሩ ከተሰበረ ዳዶው ዞሯል። ያን ጊዜ ዝም ብለው መልሰው አያጥብቁት፤ ይፍቱትና ጥርሱን፥ ሮንዴላውንና መቀመጫውን አይተው ያላላውን ነገር ይፈልጉ።